ጠርዙ ያልተቆረጠው ፎጣ

አቶ የኋላሸት ሞተው የተገኙት፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ሙላት ላቫጆ ላይ ነው። ሰኞ ነበር፤ የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ። ከወንዙ ዳር በተነጠፈው ድንጋይ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን ተመትተዋል፤ የተመቱበት ብረትም የገዛ መኪናቸው የክሪክ ዘንግ ሆኖ ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ተገኘ። መኪናዋ ራሷ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ሰውየው እንደ ልጅ ይሳሱላት ነበር።

ያገኛቸው አጣቢው ሙላት ነው። ባልዲውን ጥሎ ጮኸ፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ፖሊስ መጣ። ፖሊሱ «የምታውቀው ነገር አለ?» ቢለው፣ ያ ለራሱ የማያውቅበት አፉ አንድ ነገር ብቻ መለሰ፦ «በእኔ ምክንያት ነው የሞቱት።» ከዚያ ወዲያ ዝም። በቃ፣ እጁ ታሰረ።

ኧረ ሰው እንዲህ ብሎ ይናገራል? ሚስቱ ታየች ይህንን ሰማች። ለአሥራ አምስት ዓመት አብራው ባልዲ ስትሸከም፣ ጨርቅ ስታጥብ፣ ጎማ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት፤ በቀላሉ የምትወድቅ አይደለችም። ያን ቀን ግን ወደቀች።

ደግሞስ የእሁዱን ጠብ ያላየ ማን አለ? አቶ የኋላሸት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መኪናዋን እያስጮሁ መጥተው፣ «ቀለሟን ቧጭረህ ጨረስካት! ዓርብ አምኜ ሰጥቼህ!» አሉ። ሙላት «እኔ አይደለሁም» ቢል ማን ሰምቶት። የሚያደርቅበትን ፎጣ ከእጁ ነጥቀው ጭቃ ላይ ጣሉና በጫማቸው ረገጡት። እሱም አንቱታውን እንኳ ረስቶ፣ «ቆይ ብቻ፣ ታገኛታለህ!» ብሎ ጮኸ። ሃያ ሰው ሰምቷል። በማግስቱ አቶ የኋላሸት እዚያው ሞተው ተገኙ።

ታየች ጣቢያ ስትደርስ ሙላት ከፍርግርጉ በስተጀርባ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ምን ብለህ ነው የተናገርከው አንተ ሰው?»

«እውነቱን።»

«የቱን እውነት? ገደልካቸው?»

«አብደሻል እንዴ!» አለና ድምፁ ተሰበረ። «እሁድ ሊሄዱ ሲሉ የመኪናዋን መስኮት ያዝኩና፣ 'ጭረቱ ክብ ክብ ነው፤ እኔ በክብ ጠርጌ አላውቅም። ከቤትዎ ሰው አንዱ በደረቅ ጨርቅ ወልውሏታልና ቤትዎን ይጠይቁ' አልኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። ሄደው ጠይቀዋል፣ ታየች። አፌን ብይዝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

«እሱን ንገራቸዋ!»

«ማን ያምነኛል? ረቡዕ ከሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርቡኛል። አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ቁይ ከተማ፣ እናትሽ ዘንድ ሂጂ። እኔን ተይኝ።»

ተስፋ መቁረጥ ማለት ይህ ነው። ታየች ከበሩ ወጥታ አጥሩን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። ባሏ በነፍስ ግድያ ዘብጥያ ሊወርድ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ የባሰ። እሱ ራሱ እጁን ከሰጠ ማን ይከራከርለታል?

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አላት አንድ ድምፅ። «ሥራ አለን።»

ቀና ብላ አየች። አጠር ያለች፣ አርባ የሚሆናት ሴት፣ ከካፖርቷ ኪስ የሽምብራ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች። ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ነበረች። ታየች እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተከተለቻት። መኪናዋ ከጣቢያው ግቢ ቆማለች።

«ባልሽ መኪና እንዴት እንደሚያጥብ ንገሪኝ። ምንም እንደማላውቅ ቁጠሪኝ።»

ታየች ግራ ገባት። ሰው ሞቶ ስለ እጥበት ይወራል? ግን ተናገረች። «መጀመሪያ ጥላ ያለበት ያቆማታል፤ ፀሐይ ላይ ሳሙናው ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ እጁ ሳይነካት ውሃ ብቻ ያለብሳታል፣ አቧራው በራሱ እንዲወርድ። ቀለም የሚጨርሰው አቧራ ነው፤ ከጨርቁ ሥር ከገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ሁለት ባልዲ አለው። አንዱ ሳሙና ነው፣ አንዱ ጨርቁን የሚያለቀልቅበት። ሳያለቀልቅ ወደ ሳሙናው አይመልሰውም።»

«እጁስ?»

«ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ከፊት ወደ ኋላ። ከጣሪያ ይጀምራል፤ ጎማ መጨረሻ ነው። ስናደርቅም አንፈትግም። ፎጣውን አልብሰን ቀስ ብለን እንስባለን እንጂ።»

ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን በር ወደ ፀሐይ አዙራ ከፈተች። ቀለሙ ላይ ቀጫጭን ጭረት ክብ ክብ እየሠራ ተጠላልፏል። እንዲህ ያለ ነገር ከእነታየች እጅ ወጥቶ አያውቅም።

«ይሄ የሙላት እጅ አይደለም፤ በልጆቼ እምልልዎታለሁ!»

«አትማዪ፤ አሳዪኝ። አምጣ'ስቲ ያንን በርጩማ!» ብላ ፖሊሱን ጠራችና አስቀምጣ ወጣችበት። «ጣሪያው ላይ ያለው ነጫጭ ነጠብጣብ ምንድን ነው?»

ታየችም ተንጠራርታ አየች። «የውሃ ጠብታ ደርቆ ነው። ግን ሙላት ጠብታ ትቶ አያስረክብም! እሱን ያህል ሰው...» አለችና ድንገት ቆመች። «ዓርብ እኮ የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ነበር። እኛ ጠዋት አጥበን ሰጠናቸው፤ እሳቸው በቀጥታ ወደ ደብሩ ነድተው ቄስ ገብረ ሚካኤል ጠበል ረጩላት። ጠበል ነው! ጠበል ደግሞ በጨርቅ አይጠረግም፤ በራሱ ይደርቃል።»

«ታዲያ በሮቹና ፊቷ ላይ ነጠብጣቡ የት ሄደ?»

ታየች ወደ በሩ ዞራ ፈለገች፤ አንድም የለ። ኢንስፔክተሯ ቆሎዋን ቆረጠመች።

«ሌላም ላሳይሽ» ብላ ከቢሮዋ አንድ የታጠፈ ነጭ ፎጣ አመጣች። «ከሟቹ ብብት ሥር ነው የተገኘው። ፖሊሶቹ ላቫጆው ላይ ስላገኙት የእናንተ ነው ብለው መዝግበውታል።»

ታየች ጣቷን በፎጣው ዳር ዳር አስኬደችው። «የእኛ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጠርዙን ይዩት። ክሩ ወፍራም ነው፤ ይቧጭራል። ምልክቱም እንዳለ ነው። እኛ ፎጣ ስንገዛ መኪና ሳይነካ በፊት ጠርዙንና ምልክቱን ቆርጬ እጥላለሁ። የዚህ ሥራ የእኔ ነው፤ አንድም ያመለጠኝ የለም። ይሄ ገና ውሃ ያልነካው አዲስ ፎጣ ነው።»

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ፎጣውን በጥንቃቄ መልሳ አጠፈችው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ምን እንደሆነ ታየች አልገባትም። «ነገ ጠዋት አብረን ሟቹ ቤት እንሄዳለን» አለች።

«እኔ? እዚያ ለቅሶ ቤት? ይወግሩኛል እኮ!»

«ጨርቅ ታውቂያለሽ። ትፈልጊኛለሽ፣ እፈልግሻለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት፣ አስከሬኑ ለቀብር ከመውጣቱ በፊት ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ታየችን ሲያይ አጉረመረመ። አንዷማ «የገዳይ ሚስት ደግሞ ምን ልታደርግ መጣች?» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። ታየች መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከኢንስፔክተሯ ጀርባ ቆመች።

መጀመሪያ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ የብርጓል ተጠየቁ። ደቃቃ ሴት ናቸው፤ በልቅሶ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ቅዳሜ ባለቤትዎ የት ዋሉ?»

«ደጀን ለቅሶ ለመድረስ በአውቶቡስ ሄዱ። መንገዱ ጠጠር እየተነጠፈበት ነው፣ ቀለሟን ይመታታል ብለው መኪናዋን አቆሟት። እኔም ገበያ ነበርኩ።»

«ቁልፉስ?»

«እዚያ ግድግዳው ላይ ነው የሚሰቀለው። እኔ እንደሆንኩ መንዳት አላውቅ።»

«እሁድ ከጠቡ በኋላስ?»

«ነጂውን ድረስንም፣ ወንድማቸውን አብይንም ለየብቻ ጠርተው አነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ከዚያ ሱቅ ወጥተው ተመለሱና 'ነገ ማለዳ ሦስት ቦታ መድረስ አለብኝ፤ ስመለስ እነግርሻለሁ' አሉኝ። የት ተመለሱና!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ድረስ የሟቹን የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ረዥምና ቁጡ ሰው ነው። «መጀመሪያ የጠረጠሩት እኔን ነው!» አለ። «ከሐሙስ እስከ እሁድ ቀትር ቁይ ጤፍ ሳስጭን ነበርኩ፤ ጫኞቹን ይጠይቁ። 'መኪናዋን ማን ወለወላት' ይሉኛል። እኔ ምኑን አውቃለሁ? አኩርፌ ወጣሁ፤ ሰኞም እስኪነጋ እህቴ ቤት ነበርኩ።»

«ጠበል መረጨቷን ግን ሰምተሃል።»

«ማን ነግሮኝ? አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

በመጨረሻ የሟቹ ታናሽ ወንድም አብይ ቀረበ። በኪዳነ ምሕረት ዲያቆን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ፣ ከሰርጉም በኋላ ቅስናው እንደሆነ አገር ያውቃል። መለሎ ነው፣ አንገቱን የደፋ። ዐይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጧል፤ ያ ልቅሶ ደግሞ የውሸት አልነበረም።

«ሰኞ ማለዳ የት ነበርክ?»

«ኪዳን ላይ። ቄስ ገብረ ሚካኤልን ይጠይቁ።»

«ወንድምህ እሁድ ምን አለህ?»

«መኪናዋን ነክተህ እንደሆነ አለኝ። አልነካሁም አልኩት። አመነኝ።» ከዚያ ወደ ታየች ዞሮ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ለባልሽ ቂም የለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አላት።

እንዴት ያለ ነገር ነው! ስድቡን ችላ ነበር፤ ይህንን ይቅርታ ግን መቻል አቃታት። ፊቷን አዙራ ወደ ግቢው ሸሸች። እንባዋን ልትደብቅ ቀና ስትል ነው ያየችው። ከጓሮ ያለው የወይራ ዛፍ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ አንድ ግራጫ ጨርቅ በቅርንጫፍ ላይ በወጉ ተዘርግቶ ተቋጥሯል።

«መወልወያ ጨርቅ እኮ ነው» ብላ አሾከሾከች ኢንስፔክተሯ ስትደርስባት። «እኛ አሮጌ ጨርቅ እንጥላለን እንጂ እንዲህ ከፍ አድርጎ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ ከሥሩ...»

ከዛፉ ሥር ቀይ ጭቃ ደርቋል። የግቢው አፈር ጥቁር ነው።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ለረዥም ጊዜ ጨርቁን አየችው። «ማንም እንዳይሰማ» አለች በመጨረሻ። ሰው ሁሉ ቀብር ሲወጣ፣ አንድ ፖሊስ ተንጠላጥሎ ጨርቁን አወረደው።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ላቫጆው ላይ እንዲገኙ ታዘዙ። ወይዘሮ የብርጓል፣ ድረስ፣ አብይ፣ ቄስ ገብረ ሚካኤል በመስቀላቸው፣ ጥቂት ጎረቤትም። መኪናዋ መጥታለች። ሙላት በካቴና ሲመጣ ታየች አላወቀችውም ማለት ይቀላል፤ በሁለት ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል። ከሰዓት ፍርድ ቤት ነው። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«ፍቱት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሙላት፣ መኪናዋ ፎቶ ተነስታ አልቃለች። ይችን አንዲት በር ብቻ እጠባት። እንደ ወትሮህ።»

ሙላት እጁን እያሻሸ ታየችን አያት። እሷም ሁለቱን ባልዲ አቀረበችለት። ሥራው ራሱ አዳነው መሰለኝ፤ ውሃውን ሲያለብስ ትከሻው ቀና አለ። ጨርቁን ነከረ፣ ከላይ ጀምሮ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ሳበ፣ በሌላው ባልዲ አለቀለቀ፣ ደገመ። ሰው ሁሉ እጁን ያያል።

«ተመልከቱ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህ ሰው እጁ ክብ መሥራት አይችልም። የመኪናዋ ጭረት ግን ሁሉም ክብ ነው፤ አቧራ በደረቅ ጨርቅ የተፈተገ። ጣሪያዋ ላይ ዓርብ የተረጨው ጠበል ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አለ፤ ከጎኗ ግን ተጠርጓል። እንግዲህ ጠራጊው የመጣው ከጠበሉ በኋላ ነው። ሙላት የጨረሰው ከጠበሉ በፊት ነው። አቶ የኋላሸት በስህተት ነው የሰደቡት።»

«ስለዚህ ተናዶ ገደላቸዋ!» አለ ከጎረቤት አንዱ።

«ይህንን ፎጣ እዩ። ከሟቹ ብብት ነው የተገኘ። ጠርዙ አልተቆረጠም። ታየች ጠርዙን ሳትቆርጥ ባሏ ፎጣ አይነካም። ወይዘሮ የብርጓል፣ ባለቤትዎ እሁድ ሱቅ ወጥተው ነበር ብለውኛል። ባለሱቁን ጠየቅኩት። የገዙት ይህንን ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሰው ፎጣ ረግጠው ነበር። ሊተኩለት ነው የመጡት። ከሦስቱ ቦታ የመጀመሪያው ይህ ነበር፤ ይቅርታ ሊሉት።»

ሙላት እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ሙላት ለምን ይገድላል? የገደላቸው መኪናዋን የወለወለው ነው። ለምን ወለወላት? ቅዳሜ ሰርቆ ቀይ አፈር ያለበት መንገድ ስለነዳት። ቅዳሜ በደብረ ኤልያስ መንገድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በጥቁር ሰማያዊ መኪና ተገጭተዋል። ነጂው ጥሏቸው ሄደ።»

ንግግሯን አቋረጠችና አንድ ሦስተኛ ባልዲ አነሳች። ውስጡ ግራጫ ጨርቅ ተነክሯል። «እስቲ ይህ ቆሻሻ ይራቅልኝ» ብላ ሰው ወደቆመበት መተላለፊያ ልትደፋው አዘነበለች።

«እዚያ አይድፉት!» አለ አብይ። እግሩ ሳይታዘዝ ወደፊት ሄዷል። «ሰው ይረግጠዋል!»

«ቢረግጠውስ? የጨርቅ እጣቢ እኮ ነው።»

«ጠበል...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ደረቀ።

አብይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይህ ጨርቅ የጣቢያችን ወለል መወልወያ ነው» አለች ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ባልዲውን መሬት እያስቀመጠች። «ከወይራው የወረደው ታሽጎ ቢሮዬ ተቀምጧል፤ ቀይ አፈርና የጋቢ ክር አለበት። የመወልወያው ጨርቅ ግራጫ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። የወለወለው ሰው ግን ያውቃል። ጨርቁን መሬት ሊጥለው፣ እጣቢውን ሰው የሚረግጠው ቦታ ሊደፋው አልቻለም። ዛፍ ሥር ደፋው፣ ጨርቁን ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ድረስ ቁመቱ ይደርሳል፤ ዓርብ ግን አልነበረም፣ ጠበሉን አያውቅም። ወይዘሮ የብርጓል ያውቃሉ፤ ቅርንጫፉ አይደርሳቸውም፣ መንዳትም አይችሉም። ቄስ ገብረ ሚካኤል፣ ሰኞ ኪዳን ላይ ዲያቆን አብይ የት ቆሞ ነበር?»

ቄሱ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ዘግይቶ መጣ። ሁልጊዜ ከውስጥ ነው የሚቆም። ያን ቀን ግን ከደጅ ቀረ። 'ግባ እንጂ ልጄ' አልኩት። አልገባም።»

«መግባት አልቻለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «እጁ ደም ነክቷል።»

አብይ ተንበረከከ፤ ከዚያ ከአፉ የወጣውን ለማቆም የሞከረ የለም። ሽማግሌው ከመታጠፊያው ድንገት ብቅ አሉበት። ወደቁ፣ አልተንቀሳቀሱም፤ ሞተዋል ብሎ ሸሸ። እሁድ ለወንድሙ ሁሉን ተናዘዘ። ወንድሙም አለቀሱ፤ ከዚያም «ማለዳ አብረን እንሄዳለን፤ መጀመሪያ አጣቢው ዘንድ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ» አሉት።

«ነፍስ ያጠፋ እጅ ቅስና አይቀበልም» አለ አብይ። «ከልጅነቴ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። እዚህ ደርሰን ያን የተረገጠ ፎጣ ከጭቃው ሊያነሳ ጎንበስ ሲል... ፖሊስ ጋ ከደረስን ቅስናዬ ቀረ ብዬ ዘንጉን...»

«ሽማግሌው አልሞቱም» አለች ኢንስፔክተሯ።

አብይ ቀና አለ።

«እግራቸው ነው የተሰበረው። ዛሬ ጠዋት ቁርሳቸውን ሲበሉ አግኝቻቸዋለሁ። እንደ ወንድምህ ምክር ብትሄድ ኖሮ የገደልከው ሰው አልነበረም።»

የአብይ ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ወይዘሮ የብርጓል ጆሯቸውን ያዙ። ቄስ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ጨብጠው ያለቅሱ ነበር። ታየች ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር፤ የባሏ እጅ ተፈቷል፤ እሰይ ልትል ይገባት ነበር። አንደበቷ ግን እምቢ አላት።

አብይ ከተወሰደ በኋላ ሙላት እዚያው ቆሟል። በሩ ገና እርጥብ ነው። «ሳይደርቅ ከቀረ ይነጠብጣል» አለ ለማንም ሳይሆን፤ ከዚያ አሮጌ ፎጣውን አልብሶ ቀስ ብሎ ሳበ። እያለቀሰ ነው ያደረቀው።

ያ አዲሱ ፎጣ ፍርዱ እስኪያልቅ በማስረጃነት ተቀመጠ። ሰኔ ላይ ወይዘሮ የብርጓል በወረቀት ጠቅልለው ይዘውት መጡ። «ለአንተ የገዙት ነው፤ ለእኔ አይገባም» አሉና ሳይቀመጡ ተመለሱ። ታየች ልማድ ሆኖባት መቀሷን አነሳች። ጠርዙን ይዛ ብዙ ቆየች፤ መቀሱ ግን አልተከፈተም። ፎጣውን አጥፋ ቤት ወሰደችው፤ መኪና ነክቶ አያውቅም።